ሳል የሌለው ድምፅ

በዚያ ዓመት ግንቦት ወር፣ ከእንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከዲከረንስ ዛፎቹ ጀርባ ባለችው መንደር፣ አባባ ወገኔ ማክሰኞ ንጋት ላይ ዐረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ በልጃቸው በእታለማሁ ቤት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ስለ ሞቱ፣ ለቀስተኛው ሁሉ «አሟሟታቸውን አሳመረላቸው» አለ። ዳማ ፈረሳቸው ባዶ ኮርቻ ተጭኖ በለቅሶው ሜዳ ሲዞር ግን፣ የዕድሩ ሽማግሌዎች ከአጥሩ ጥግ ራቅ ብለው ቆመው ስለ ሌላ ሰው ይመክሩ ነበር። ስለ እመቤት።

እመቤት የእታለማሁና የሽባባው ልጅ፣ የሟቹም የልጅ ልጅ ናት። እንጅባራ ከተማ አንዲት ክፍል ቤት ከጓደኛዋ ከምሕረት ጋር ተከራይታ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። ብሔራዊ ፈተናው በሚቀጥለው ሰኞ ይጀምራል፤ ሐሙስ ያልቃል።

«መርዶው እስከዚያ ይቆያል» ብሎ ወሰነ የዕድሩ ዳኛ አስማረ። ሌሎቹም ተስማሙ። ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ አፉን እንዲይዝ ተነገረው። ሽባባው ቅዳሜ ስንቅ ሲያደርስ ጥቁሩን አውልቆ፣ የተላጨ ራሱን በኮፍያ ሸፍኖ፣ ፊቱን ፈታ አድርጎ እንዲሄድ ታዘዘ። ልጅቱ «እማዬስ?» ብላ ከጠየቀች መልሱ ተዘጋጀላት፤ ጫግኒ ያለችው አክስቷ ወልዳ እናቷ አራስ ልትጠይቅ ወርዳለች።

ይህ ሁሉ የተደረገው ከክፋት አልነበረም። እነዚያ ሰዎች እመቤትን ከልባቸው ይወዷታል፤ ከመንደሩ ልጆች በትምህርት ያን ያህል የገፋች ሴት ልጅ እስከዚያ ቀን አልነበረችም። ነገር ግን ሰው ለሚወደው ሲል የሚዋሸው ውሸት ከሌላው ውሸት ይልቅ ያስፈራል፤ የሚገሥጸው አያገኝምና። ስለ ልጅቱ ሲመከር ዘመድም ጎረቤትም ሐሳቡን ሰጠ። እናቲቱን ግን ማንም አልጠየቃትም። እርስዋ ራሷን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ከሴቶቹ መካከል ወድቃ ታለቅስ ነበርና የተወሰነውን የሰማችው ማምሻውን ከባሏ ነው።

«ሽማግሌ የወሰነውን ምን ትያለሽ?» አላት ሽባባው።

ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። የተቀበለች መሰለው።

*

የዚያን ዓመት ነገር ያለ አባባ ወገኔ መናገር አይቻልም። መስከረም ላይ ሽባባው በየቅዳሜው እንጀራውንና ድንቹን ተሸክሞ እንጅባራ ሲገባ፣ ገና ጆንያውን ሳያወርድ «ስንተኛ ወጣሽ?» ይላት ነበር። ክፉ አባት ሆኖ አይደለም፤ ሌላ የሚጠይቀውን ስለማያውቅ ነው። ኅዳር ሲጋመስ ያመጣው እንጀራ ሳይነካ ሻግቶ ይጠብቀው ጀመር። እንቅልፍ እንዳይጥላት እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ እንደምታጠና ምሕረት ነገረችው። ይህን ለቤቱ በኩራት ሲያወራ፣ አባባ ወገኔ ከመደባቸው ላይ ቀና አሉ።

«ፈረስ እንዲህ ብታደርገው ይሞትብሃል» አሉት። «ደግሞ ‹ስንተኛ ወጣሽ› የሚሉት ጥያቄ ምንድን ነው? ገበያ ወስደህ ልትሸጣት ነው?»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እመቤት ትደውላለች፤ እርሳቸው ያነሣሉ። ከዳዊት ያለፈ ትምህርት አልነበራቸውም። የሚጠይቋት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፤ በላሽ ወይ? ተኛሽ ወይ? የከበደሽ ምንድን ነው? የከበዳትን ስታወራ፣ ስለ ኤሌክትሪክም ሆነ ስለ ደም ዝውውር፣ አንድም ቃል ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው ያዳምጧታል። ከዚያ በአገውኛ መርቀው ይሰናበቷታል። ልጅቱ መብላት ጀመረች። መተኛትም ጀመረች።

ለፋሲካ ቤት በመጣችበት ጊዜ የሽማግሌው ሳል ብሶ ነበር።

«አባባ፣ ሳልዎ ጠንክሯል» አለቻቸው።

«ጠንክሯል።»

«ቢብስብዎት ይደብቁኛል?»

«አንቺን ደብቄ ማንን ላዋየው? ብሞት እንኳ ይነገርሻል።»

«ከሞቱማ ማን ይነግረኛል?» ብላ ሳቀች።

«እናትሽ ናታ። ሰማሽኝ፣ እታለማሁ?»

እታለማሁ ድንች እየላጠች ነበር። «ኧረ ወዲያ! በበዓል ቀን የሚያወሩት አጡ?» ብላ አሾፈችባቸው። እሺም እምቢም አላለችም።

*

ሐሙስ ሠልስቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ የአባባ ወገኔ ስልክ ከሽባባው ኪስ ውስጥ ጮኸ። ቢያጠፋው ልጅቱ እንዳትጠረጥር ፈርቶ ክፍቱን ይዞት ነበር፤ የሚሆነውን ግን አላሰበበትም።

«እመቤት ናት» አለ ሽባባው፣ ስልኩን አውጥቶ እያየ። «ዝም ልበላት?»

«ካላነሣንላት ነገ ተነሥታ ትመጣለች» አለ አስማረ። ዓይኑን በድንኳኑ ውስጥ አዞረና «አበረ!» ብሎ ተጣራ።

አበረ የመንደሩ ቀልደኛ ነው። የማንንም ሰው ድምፅ ያስመስላል፤ የቄሱንም፣ የአውቶብሱን ረዳትም። አባባ ወገኔን በራሳቸው ፊት ቆሞ እየቀዳቸው በሳቅ ያስለቅሳቸው ነበር።

«እኔ? ኧረ ይቅርብኝ፣ አያ አስማረ» አለ፤ «በሬሳ መቀለድ ነው።»

«ቀልድ አልተባልህም። ለልጅቱ ነው። አንሣ!»

አበረ ስልኩን ተቀብሎ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ለሽማግሌው ጆሮ ተብሎ ከፍ ያለ ስለ ነበር ድንኳኑ በሙሉ ይሰማ ነበር።

«ሃሎ፣ አባባ!»

«እመቤት፣ የኔ ዓለም» አለ አበረ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከጋቢው ሥር የወጣው የሞተው ሰው ድምፅ ነበር። «በላሽ ወይ? ተኛሽ ወይ?»

«በላሁ፣ ተኛሁ። ኧረ አባባ! ሳልዎ ለቀቀዎት እኮ! አንድ ጊዜም አልሳሉም!» ከዚያ ራቅ ብላ ስትጮህ ተሰማ፤ «ምሕረት! አባባ ድነዋል!»

አበረ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ወደ አስማረ አየ። አስማረ በእጁ «ቀጥል፣ ቀጥል» አለው።

«አዎ… ለቀቀኝ፣ ልጄ። ድኛለሁ።»

«ተመስገን! በቃ አሁን ልቤ ዐረፈ። እንግዲህ ለሰኞ ይመርቁኝ።»

አበረ በአገውኛ መረቀ። ምርቃቱ ቃል በቃል የአባባ ወገኔ ነበር፤ አገባቡም፣ ማሳረጊያውም። ሲጨርስ፣ ከልማድ ብዛት፣ ድንኳኑ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ «አሜን» አሉ፤ ወዲያው ያሉት ነገር አስደንግጧቸው አቀረቀሩ።

እታለማሁ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። አልጮኸችም፤ ደረቷንም አልደቃችም። ወንዶቹ ወደ ተቀመጡበት ገብታ ከአበረ እጅ ስልኩን ወሰደች። መሥመሩ ተዘግቶ ነበር።

«አሜን ያላችሁት ማን ሲመርቅ ሰምታችሁ ነው?» አለች።

ስልኩን ወደ ሽማግሌዎቹ ዘረጋች።

«አባቴን ማክሰኞ አፈር አልብሳችሁ፣ ሐሙስ አስነሥታችሁ አናገራችሁብኝ። ያውም አድናችሁ!»

«እታለማሁ፣ ረጋ በይ» አለ አስማረ። «ሐዘን ላይ ነሽ፤ ይገባናል። ይህ የተደረገው ልጅሽ ዓመቱን ሙሉ የደከመችበት በአንድ ቀን እንዳይፈርስባት ነው። ለልጅሽ አታስቢም?»

«እናንተስ ለልጄ ነው ወይስ ለስማችሁ ያሰባችሁት? ‹ከኛ መንደር ዩኒቨርሲቲ ገባች› ለማለት ነው?»

«እንዲያ አትበይ።»

«አያ አስማረ፣ ልጄ ከዚህ ፈተና በኋላም ትኖራለች። ነገ ባል ስታገባ፣ ነገ ስትታመም፣ ከዚህ ቤት በተደወለ ቁጥር ‹ይህ ደግሞ የማን ድምፅ ነው?› ስትል ልትኖር ነው? አላደርገውም። ነገ ሄጄ እነግራታለሁ።»

አስማረም ተነሣ። «ነግረሻት ብትወድቅ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እናገራለሁ፣ ጥፋቱ ባንቺ ራስ ላይ ነው።»

«ራሴ ይኸው» ብላ ነጠላዋን ገፍፋ የተላጨ ራሷን አሳየችው። «ጫኑበት!»

*

ዐርብ ጠዋት ዳማውን ራሷ ጫነች። ሽባባው ከደጅ ቆሞ ሲያያት ቆየ።

«ከሽማግሌ ቃል ወጥተሽ በዚህ መንደር ምን ሆነን ልንኖር ነው?»

«እንደ ሰው ሆነን።»

«ዕድሩ ቢያስወጣንስ?»

«ያስወጣን። የምቀበረው አንድ ቀን ነው፤ ከልጄ ጋር የምኖረው ግን ዕድሜዬን ሙሉ ነው። ልጓሙን አቀብለኝ።»

አላቀበላትም። ራሷ ይዛ ወጣች። ከቀርከሃው ደን አልፋ ዋናውን መንገድ ስትይዝ ኮቴ የሌለው ሩጫ ከኋላዋ ሰማች። ሽባባው ነው። ያን ለቅዳሜ የታሰበ ኮፍያ በእጁ ይዞታል። ሊመልሳት የመጣ መስሏት ልጓሙን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እርሱ ግን ኮፍያውን ወደ ቦዩ ወረወረና ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመረ። እስከ ከተማው መግቢያ እየመራ ወሰዳት። እዚያ ሲደርሱ ቆመ።

«እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» አለ። «ፊቷን ማየት አልችልም።»

«አንተ ወንዱ?»

«አዎ፣ እኔ ወንዱ» አላት፤ ፊቱንም ወደ ፈረሱ አንገት መለሰ።

በሩን የከፈተችው ምሕረት ናት። እመቤት መጽሐፎቿ መካከል ተቀምጣ ነበር፤ እናቷን ስታይ እየሳቀች ዘልላ ተነሣች።

«እማዬ! በዐርብ ቀን? አባባ እኮ ትናንት…»

ጥቁሩን ልብስ አየች። በአገሩ ደንብ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌ ከብቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከግራም ከቀኝም ተዘጋጅቶ። እታለማሁ ደግሞ ብቻዋን፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር የመጣችው። መንገዱን ሙሉ ያቀናበረችው ንግግር ከአእምሮዋ ጠፋ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

«አባባ ማክሰኞ ዐረፉ» አለች። «ትናንት ያናገረሽ አበረ ነው። ሁለቱንም ከኔ ስሚ።»

እመቤት አላለቀሰችም። ግንባሯን ቋጥራ እናቷን አተኩራ ተመለከተቻት።

«አያ አበረ?» አለች። «ሳል አልነበረውም። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ለክፍል ልጆች ሁሉ ‹አባባ ዳኑ› ብዬ ተናገርሁ።»

ከዚያ በኋላ ነው ያነባችው። እናቷን ደረቷ ላይ በጡጫ እየመታች ጮኸች፤ አከራይዋና ጎረቤቱ ሁሉ ገባ። እታለማሁ ሊይዛት ለሚጠጋ ሁሉ «ተዋት!» እያለች ጡጫውን ተቀበለች። ጩኸቱ ሲሰክን ግን ያልጠበቀችው ጥያቄ መጣ።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች እመቤት። «ሰኞ እኮ ፈተና ነው! እስከ ሐሙስ መቆየት አቃተሽ?»

የዕድሩን ዳኛ ያልፈራችው እታለማሁ፣ ይህን ጊዜ በልቧ ‹ምናልባት አጥፍቼ ይሆን?› አለች። ሆኖም የጀመረችውን ትታ አልወጣችም። ከወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አቃተኝ» አለች። «ያቃተኝን ልንገርሽ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን እኔም እንዳንቺ ነበርሁ፤ ዳንግላ፣ አክስቴ ቤት። እናቴ ፈተናው ሳይጀመር ሞታ ተቀበረች። ደበቁኝ። ፈተናውን ጨርሼ ለእናቴ ቀይ ሻሽ ገዛሁላትና ከልጆቹ ጋር እየዘፈንሁ ወደ ቤት መጣሁ። ሰው ሁሉ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይለቅ ነበር። ዝም ብለው አሳለፉኝ፤ እየዘፈንሁ! ሻሹን ይዤ ደጃፍ ስደርስ ሽማግሌዎቹን ተሰብስበው አገኘኋቸው።»

እመቤት ማልቀሷን አቆመች። ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም።

«ፈተናውንስ?»

«አለፍሁ። ግን ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስሁም። ‹ከቤት ከራቅሁ ደግሞ ምን ይደብቁኛል?› እያልሁ፣ ከዚያ ደጅ ንቅንቅ ሳልል ቀረሁ። ሰው እየሳቀ ሲመጣ ዛሬም ልብሱን አያለሁ፤ ጥቁር እንደ ሆነ።»

ምሕረት ውሃ አቀረበችላቸው።

«እና አሁን ምን ላድርግ?» አለች እመቤት።

«እሱን እኔ አልነግርሽም። ዛሬ አልቅሰሽ ሰኞ ብትፈተኚ፣ አብሬሽ እመጣለሁ። ‹ዘንድሮ አልችልም፣ በሚቀጥለው ዓመት› ብትዪም አብሬሽ እቆማለሁ፤ አባትሽንም፣ አስማረንም፣ አገሩንም እኔ እመልስልሻለሁ። የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እመቤት ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና ተነሥታ ጫማዋን አደረገች።

«በዳማው ነው የመጣሽው?» አለች።

*

ዐርብ ከሰዓት በኋላ መንደሩ ያየውን ማመን አቃተው። የአባባ ወገኔ ፈረስ ተመለሰ፤ ግን ኮርቻው ባዶ አልነበረም። ሽባባው ባዶ ራሱን ልጓሙን ይዟል፤ እታለማሁ እርካቡ አጠገብ ትራመዳለች። እመቤት ፈረስ መጋለብ ያስተማሯትን ሽማግሌ በፈረሳቸው ላይ ሆና እያለቀሰች፣ የለቅሶውን ሜዳ እንደ ደንቡ ዞረችው። ከድንኳኑ የወጣው ሰው አብሯት አነባ። ሐሙስ ተውጦ የቀረው ልቅሶ ያን ቀን ወጣ።

ከፈረሱ ስትወርድ አበረ እግሯ ላይ ሊወድቅ መጣ። ቀደም ብላ ክንዱን ያዘችው።

«አያ አበረ፣ ሳሉን ረሱት እኮ» አለችው።

ይህን የመሰለ ቀልደኛ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

አስማረ ግን ከመቀመጫው አልተነሣም። «አሁን በዚህ ዓይን ሰኞ ልትፈተኚ ነው?» አላት።

«እፈተናለሁ፣ አያ አስማረ።»

«ብትወድቂስ?»

«የምወድቀው እኔ ነኝ። እናቴን ተዉልኝ።»

እሑድ ከመቃብሩ ስትመለስ ቤተሰቡ ሸኛት፤ እታለማሁም አብራት ወርዳ በዚያች ጠባብ ክፍል ከሁለቱ ልጆች ጋር አደረች። ስለ ፈተናው ምንም አላነሣችባቸውም። ሽሮ ሠራችላቸው፤ መብራቱንም በጊዜ አጠፋችባቸው።

ሰኞ ጠዋት የፈተናው ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛው ወላጆችን ሲያርቅ፣ ጥቁር የለበሰችውን ሴት አይቶ ተቆጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ እንዲህ ሆኖ እዚህ ይመጣል? ልጆቹን ያስበረግጋል። ወዲያ ራቁ።»

«የኔን ልጅ አያስበረግጋትም» አለች እታለማሁ፤ «አይታዋለች።» ከአስፋልቱ ማዶ ተሻግራ፣ ትምህርት ቤቱን ፊት ለፊት እያየች፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እመቤት ሰልፉ ውስጥ ሆና ዘወር አለች፤ እጇን አነሣች፤ ገባች።

እኩለ ቀን ላይ ሲወጡ የሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን እየከበቡ «እንዴት ነበር? ስንት ታመጪያለሽ? መልሱን አነጻጸርሽ?» ይሏቸው ነበር። እታለማሁ በሶውን አቀበለቻትና ጠጥታ እስክትጨርስ ጠበቀች።

«የከበደሽ ምንድን ነው?» አለቻት።

እመቤት ቀና ብላ አየቻት።

«አንድ ንባብ ነበረ» አለች፤ «ስለ አንድ ሽማግሌ። እሱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ደቂቃ አለፈብኝ። በኋላ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳላነባቸው አጠቆርሁ። እሱ ነው የከበደኝ።»

እታለማሁ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። «አይዞሽ» ማለት ይቀላት ነበር፤ «ምንም አይደለም» ማለትም። አላለችም፤ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉና። እጇን ብቻ ያዘቻት።

በዚያ መካከል የአባባ ወገኔ ስልክ ከቀሚሷ ኪስ ጮኸ። አስማረ ነበር።

«እህ? ልጅቱ እንዴት ሆነች?» አለ። «አበላሸች አይደል?»

እታለማሁ ስልኩን ልጅቷም እንድትሰማው አድርጋ ያዘችው።

«ጠዋት የከበዳት ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትገባለች» አለች። «ውጤቱን እኔም አላውቀው፣ አያ አስማረ። ብታልፍም ብትወድቅም የመጣውን ራሴ እነግራችኋለሁ። በአበረ ድምፅ አይደለም፤ በገዛ ድምፄ።»

ስልኩን ዘግታ ኪሷ ከተተች። ደወሉ ሲደወል እመቤት የበሶውን ኩባያ መለሰችላት፣ ቀሚሷን አራገፈችና አስፋልቱን ተሻገረች።